የደሴቲቱ አደራ
(በጾመ ፍልሰታ ወደ ገዳማት ለሚጓዙ ምእመናን የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከነሐሴ 1 ቀን ጀምረን እስከ እመቤታችን በዓል እስከ 16 ቀን የምንጾማት ጾመ ፍልሰታ በትልቅም በትንሽም ዘንድ የተወደደች ናት። በሌላው ጊዜ ጾም የማይሆንላቸው ሕፃናት ሳይቀሩ ፍልሰታ ሲሆን ነጠላቸውን ደርበው ከቅዳሴ አይቀሩም። ብዙዎቻችን ደግሞ ይህንን ጊዜ ጠብቀን ሱባኤ ለመግባት ወይም ከቅዱሳት መካናት በረከት ለመቀበል እንጓዛለን። የዛሬው ትምህርታችንም ስለዚህ ጉዞ ነው። ጉዞ ሁሉ በረከት ነው ወይ? ሄዶ ማየትና ሄዶ መሳለም አንድ ነው ወይ? በአንዲት ደሴት ምሳሌነት አብረን እንመልከት።

ደሴቲቱ የት ናት?

ባሕር ዳርን የምታውቁ ሁሉ ዓባይ ከጣና ሐይቅ የሚወጣበትን ቦታ ታውቁታላችሁ። በዚያ በዓባይ አፍ አጠገብ፣ ሐይቁ ወንዝ ሊሆን በሚሰናዳበት ሥፍራ፣ ደብረ ማርያም የምትባል ደሴት አለች። ስሟ እንደሚነግረን የእመቤታችን ቤት ናት። በጣና ላይ እንዳሉት እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና እንደ ክብራን ገብርኤል ለወንዶች ብቻ የተለየች አይደለችም፤ እናቶችና እኅቶችም ገብተው ይሳለሙባታል። ከከተማውም ብዙ ስለማትርቅ ጉልበት ያነሳቸው አረጋውያን እንኳ ሊደርሱባት ይችላሉ።

ወደ እርሷ ሲሻገሩ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚስበው ደንገሉ ነው። የአካባቢው ሰው ይህንን ረጅም የውኃ ዳር ተክል አጭዶ፣ አድርቆ፣ በገመድ ጠፍሮ ታንኳ ይሠራበታል። ሚስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። ግን ሰውም፣ እንጨትም፣ እህልም ይሸከማል። ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ከዳር አውጥተው ፀሐይ ያሰጡታል፣ ሲያረጅም ሌላ ይሠራሉ። ዕድለኛ ከሆናችሁ ጉማሬው ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ከውኃው ብቅ አድርጎ ታዩታላችሁ። የወፉ ዓይነትማ ተቆጥሮ አያልቅም።

ይህ ሁሉ ውበት የማን ሥራ ነው? ወንዙስ ከየት መጣ? መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ላይ ከገነት ከሚወጡት አራቱ አፍላጋት አንዱን ግዮን ይለዋል፤ የኢትዮጵያንም ምድር እንደሚከብ ይናገራል። አባቶቻችን ይህ ግዮን ዓባይ ነው ብለው አስተምረውናል። ምንጩ በሰከላ ከግሽ ተራራ ሥር ነው። እዚያ ግልገል ዓባይ ተብሎ ይነሣል፣ ወደ ጣና ይገባል፣ ሐይቁን ተሻግሮ በደብረ ማርያም በኩል ታላቁ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ጢስ ዓባይ ላይ ከገደል ይወረወራል። ዞሮ ዞሮም ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። ማታ በቤታችን የምናበራት አምፖል ምናልባት በዚህች ደሴት ሥር ያለፈ ውኃ ያበራት ትሆናለች። እኛ ግን መብራቱን እንጂ ምንጩን የምናስብ ስንቶች ነን?

በግሽ ዓባይ ስለ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚነገረውን ሰምታችሁ ይሆናል። ጻድቁ መከራ በመጣባቸው ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱም ወንዙ ሳያረጥብ መልሶ ሰጣቸው። እንግዲህ ይህችን «አደራ» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አባቶች ደሴትን ለምን መረጡ?

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን በጠለቀበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በላዩ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ ብዙዎቹም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ናቸው። ታዲያ አባቶቻችን ሰፊው የብስ እያለላቸው ለምን ወደ ውኃው መሀል ገቡ?

አንደኛው ምክንያት ጸጥታ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ራእዩን ያየው ፍጥሞ በምትባል ደሴት ላይ እንደሆነ እናስታውስ (ራእ. 1፥9)። ሰዎች እንደ ስደት ያዩለት ቦታ እግዚአብሔር ምሥጢሩን የገለጠበት ሆነ። ከዓለም ጩኸት የራቀ ጆሮ ሌላ ድምፅ መስማት ይችላል። በጣና ቂርቆስም እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ዘመን ሦስት ወር ከዐሥር ቀን እንደተቀመጠች፣ ታቦተ ጽዮንም ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለረጅም ዘመን በዚያ እንደነበረች በትውፊት ተላልፎልናል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥበቃ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ብዙ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት የተረፉት ወደነዚህ ደሴቶች ተሻግረው ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ያሠሯት የናርጋ ሥላሴ ሥዕሎቿ ዛሬም ያስተምራሉ። ንጉሡ ሞተ፣ ጦሩ ተበተነ፣ ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ። አንድ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ያለ፣ ደረቅ ቂጣ በልቶ የሚያድር መነኩሴ ግን የተሰጠውን አደራ አላጠፋም።

ተፈጥሮን መጠበቅም ጽድቅ ነው

ከዚያው ከሐይቁ ዳር የዘጌን ልሳነ ምድር እንመልከት። በዘጌ መሬት በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ነዋሪው ይህንን ከአቡነ በትረ ማርያም የተቀበለው ቃል ነው ብሎ ያምናል። በዚህም ምክንያት ዘጌ በቡናና በትልልቅ ዛፎች የተሸፈነ ጫካ ሆኖ ኖረ። ዙሪያው ያለው መሬት ሲራቆት እርሱ አልተራቆተም። ዛሬ የተማሩ ሰዎች «የአካባቢ ጥበቃ» የሚሉትን አባቶቻችን በግዝትና በቡራኬ ሲሠሩበት ኖረዋል ማለት ነው።

ሐይቁ ውስጥም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። በዚህም ሁሉ የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. አካባቢ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ታየ። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ለሚያየው ያምራል። ከሥሩ ግን ዓሣውን ያፍናል፣ የጀልባውን መንገድ ይዘጋል፣ ውኃውን ይመጥጣል። ገበሬው ውኃ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ስንት ዓመት ሆነው!

ኃጢአትም እንደዚሁ አይደለምን? ሲመጣ አበባ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዲት ቅጠል ናት ብለን ስንንቃት ሐይቁን ታለብሰዋለች። ላዩን ብቻ ቢያጭዱት ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል፤ ከሥሩ ነቅሎ ከዳር ማውጣት ያስፈልጋል። ንስሐም ይኸው ነው።

ስለ ራሴ ጥፋት

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። በ2010 ዓ.ም. በዚህች በፍልሰታ ጾም፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ምእመናን ይዘን ወደ ባሕር ዳር ተጉዘን ነበር። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። የስም ዝርዝር በእጄ፣ ድምፅ ማጉያ በአንገቴ፣ ሰዓት በዓይኔ ሥር። በአንድ ቀን አራት ቦታ እናሳልማለን ብለን በወረቀት ስላስነገርን ያንን መፈጸም ነበረብኝ። ደብረ ማርያም ስንደርስ ለሁሉም «አርባ ደቂቃ ብቻ!» ብዬ አወጅኩ። እኔ ራሴ ከአርባው ሠላሳውን ፎቶ ሳነሣ አሳለፍኩት።

ከመካከላችን አንዲት እናት ነበሩ። እማማ እያልን ነበር የምንጠራቸው። መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ነው የመጡት። ሌላው በጀልባው ላይ ሲዘምርና ሲሳሳቅ እርሳቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰዓቱ ደርሶ ሰዉ ሁሉ ወደ ጀልባው ሲመለስ እርሳቸው የሉም። ብፈልጋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው አገኘኋቸው። መቁጠሪያው ገና እኩሌታው ላይ ነው።

«እማማ፣ ይነሡ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኳቸው።

«ትንሽ ቀረችኝ ልጄ። ግማሽ ሰዓት ብትታገሠኝ?»

«አይቻልም እማማ፣ መኪናው ይሄዳል።»

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። «እሺ ልጄ» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ከበሩ ላይ ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አባት ይህንን ሰምተው «ልጄ፣ ደሴቱ አይሄድም፤ ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ቀልድ መሰለኝ።

በዓመቱ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ጉዞው ሲደገም ስማቸው ከዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ሊጠይቁ ከሄዱ ሰዎች ጋር ቤታቸው ብሄድ አልጋ ላይ ናቸው፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። ያን ጊዜ ነው ነገሩን የሰማሁት። አንድ ልጃቸው በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ከወጣ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቷል። እማማ ያን ቀን ደብረ ማርያም የሄዱት ስለ እርሱ ሊማጸኑ ነበር። አርባ አንዱን እግዚኦታ ሦስት ጊዜ ለማድረስ ተስለው፣ ለመሳፈሪያው ከዕቁባቸው ቆጥበው ነው የመጡት። ያስነሣኋቸውም ሁለተኛውን ሳይጨርሱ ነው።

ከራስጌያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ጧፍ አውጥተው ሰጡኝ። «ይህንን ለእመቤቴ አብራልኝ። የቀረችኝንም አንተ ጨርስልኝ፤ አደራ» አሉኝ። አንድም የወቀሳ ቃል አልጨመሩም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ድምፅ ማጉያውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ሄድኩ። ጧፉን አበራሁ፣ እዚያው ሣር ላይ ተንበርክኬ ከእኩሌታው ጀመርኩ። ጉልበቴ ሲዝል ያን ጊዜ እርሳቸው እንዴት ችለውት እንደነበር አሰብኩ። ያ ሁሉ ወፍ፣ ያ ሁሉ ውኃ በፊቴ ነበረ፤ እኔ ግን ያቺን ደሴት ያየሁት ገና ያን ቀን ነው። «ልጁ ደወለ» ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን በእመቤታችን ጾም ውሸት አልጽፍም፤ እስካሁን አልደወለም። እማማ ዛሬም አሉ፣ ዛሬም ይጸልያሉ። እናንተም ይህንን ስታነቡ ስለ ጠፉት ልጆች ሁሉ አንዲት አቡነ ዘበሰማያት ድገሙላቸው።

ስንጓዝ ምን እናድርግ?

በደብረ ታቦር ጌታ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ (ማቴ. 17)። ቦታው ስላማረው እዚያው ለመቅረት ፈለገ። የዚህ በዓል መታሰቢያ፣ ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን በዚህችው ጾም ውስጥ ይውላል። ከተራራው መውረድ ግን ግድ ነበር፤ ከታች የታመመ ልጅ የያዘ አባት እየጠበቀ ነበረና። የጉዞ ፍሬም የሚለካው ባየነው ሳይሆን ስንመለስ በምናደርገው ነው። ስለዚህ፦

1. ከመነሣታችሁ በፊት ንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ቂም የያዛችሁበት ሰው ካለ ታረቁ። ከጎረቤት ተኳርፎ ገዳም መሳለም ዕዳ ነው።

2. ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ብዙ ወገኖች ተጎድተዋል፣ ጉዞም ተስተጓጉሏል። አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችን ሳይጠይቁ መነሣት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ጊዜው ካልፈቀደ መቅረትም ጽድቅ ነው።

3. የገዳሙን ሥርዓት ቀድማችሁ ዕወቁ። ሴቶች የማይገቡበት፣ ጫማ የሚወልቅበት፣ ፎቶ የማይነሣበት ቦታ አለ። ሳትጠይቁ አታንሡ። መነኩሴን እንደ ሐውልት አቁሞ ፎቶ ማንሣት ነውር ነው።

4. በማለዳ ተሻገሩ። ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ያስፈራል። ለሰው ሁሉ የሚበቃ የመንሳፈፊያ ልብስ መኖሩን ጠይቁ። «ማርያም ታውቃለች» ብሎ ከልክ በላይ መጫን እምነት ሳይሆን ድፍረት ነው።

5. የደሴቱን ሰዎች አክብሩ። ጳውሎስ ከመርከብ መሰበር ተርፎ መላጥያ በደረሰ ጊዜ የደሴቲቱ ሰዎች በዝናብና በብርድ እሳት አንድደው ተቀበሉት (ሐዋ. 28)። እናንተንም የሚቀበሏችሁ እንዲህ ያሉ ድሆች ናቸው። ከታንኳ ቀዛፊው ጋር ለዐሥር ብር ስትከራከሩ ቆይታችሁ ከውስጥ ገብታችሁ መቶ ብር ሙዳየ ምጽዋት ብትከቱ፣ የትኛው እንደሚጻፍላችሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

6. የያዛችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። ቆሎውንና በሶውን ስትበሉ ፌስታሉንና የውኃውን ፕላስቲክ ወደ ሐይቁ አትጣሉ። እምቦጩ አንሶት እኛም እንጨምርበት?

7. አስተባባሪዎች ሆይ፣ ቦታ አታብዙ። አራት ቦታ ከማሯሯጥ አንድ ቦታ ማስጸለይ ይበልጣል። ይህንን ከእኔ ተማሩ።

መሄድ ለማይችሉ

ይህችን ጽሑፍ የምታነቡ አንዳንዶች መሄድ አትችሉም። አልጋ ላይ ያላችሁ አላችሁ። መሳፈሪያ ያጣችሁ አላችሁ። በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራችሁ፣ በር ተዘግቶባችሁ፣ ፍልሰታን በወጥ ቤት ጥግ በልባችሁ ብቻ የምትቀድሱ እኅቶች አላችሁ። ደሴት ማለት በውኃ የተከበበ መሬት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዙሪያው ጩኸትና መከራ ከቦት ሳለ በመካከል ለጸሎት የተለየ ልብ እርሱ ደሴት ነው። እመቤታችን ወደዚያም ትመጣለች። እኛ ስንሄድ የእናንተን ስም ይዘን እንሄዳለን፤ እናንተም እኛን አስቡን።

የመንደራችሁን አጥቢያስ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? በአገራችን በብዙ ቦታ ጫካው ሁሉ አልቆ የቀሩት ዛፎች በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉት ናቸው። በታረሰ ሜዳ መካከል እንደ አረንጓዴ ደሴት ይታያሉ። ሩቅ ሳንሄድ ከዚያ ዛፍ ሥር ብንቆም፣ ችግኝም ብናጠጣ፣ በረከቱ አይጎድልም።

እንግዲህ ወንዙ መጻሕፍቱን ሳያረጥብ መለሰ፤ መነኮሳቱ የነገሥታቱን ዐፅም ጠበቁ፤ ዘጌ ጫካውን ጠበቀ። እኛ የተሰጠንን ምን አደረግነው? ጥምቀታችን አደራ ነው፣ ጎረቤታችን አደራ ነው፣ ሐይቁና ዛፉ አደራ ናቸው፣ «ትንሽ ታገሠኝ» የሚል ሰውም አደራ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ባለፈው ጊዜ ከተጓዝንበት ቅዱስ ቦታ ምን ይዘን ተመለስን? ፎቶውን ትተን እንመልስ።
ለ. በችኮላችን ምክንያት ጸሎቱን ወይም ነገሩን ያቋረጥንበት ሰው አለ? እንዴት እንካሰው?
ሐ. በአጥቢያችን ዙሪያ ያለውን ዛፍና ውኃ ለመጠበቅ በዚህ ጾም ምን ማድረግ እንችላለን?

የእመቤታችን ምልጃና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ የጠፉትን ይመልስልን፣ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።